ድንጋይ የተሸከመ ወኪል

ሰው ስንት ዘመድ እንዳለው የሚያውቀው በሠርጉና በቀብሩ ቀን ነው ይባላል። የኢንሹራንስ ወኪል ከሆነ ግን እስከዚያ መጠበቅ የለበትም። ጥቁር ቦርሳውን አንግቶ ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ ብቅ ይበልና እሱን ሲያዩ መንገድ የሚያቋርጡትን ይቁጠር፤ እነዚያ ሁሉ ዘመዶቹ ናቸው። እኔ አንድ ጠዋት አሥራ አንድ ቆጥሬያለሁ። አንዷ አክስቴማ እኔን ላለማግኘት በሁለት ጋሪዎች መካከል ሲሾልኩ ፈረሱ ነጠላቸውን ነክሶ አስቀራቸውና፣ "ኸረ አንተ ነህ እንዴ! አላየሁህም እኮ" አሉኝ። ፈረሱ ባይኖር እውነትም አላዩኝም ነበር።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በመዋቅር ነው። ማለቴ፣ መዋቅር አስወጥቶኝ ነው። ጊዜው በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማና አዲስ መዋቅር የሚፈራረቁበት ጊዜ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ጠመኔ ሳድል ኖሬ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ስሜን ሰሌዳው ላይ ብፈልገው የለም። ሌላ ሥራ ስፈልግ የኢንሹራንስ ወኪል መሆን ይቻላል ተባለና ባሕር ዳር ሄጄ ሦስት ቀን ሠለጠንኩ። አሠልጣኛችን ክራባት ያሰረ ለጋ ወጣት ነበር። "ከዘመድ ጀምሩ" አለን። "ዘመድ እምቢ አይልም። ዘመድ ያምናችኋል። ዘመድ ብዙ ጥያቄ አይጠይቅም።" ሦስቱንም በደብተሬ ጻፍኳቸው። እሱ ያልነገረን፣ እኔም ያልጠየቅኩት፣ ነገር የተበላሸ ቀን ዘመድ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ሌላው ደንበኛ ወደ ቢሮ ይሄዳል። ዘመድ የሚሄደው ወደ እናትህ ቤት ነው።

የመጀመሪያ ሙከራዬ እነዚያው ፈረሱ የያዛቸው አክስቴ ላይ ነበር። የሕይወት ኢንሹራንስ ምን እንደሆነ ሳስረዳቸው በጽሞና ሰሙኝ። ስጨርስ፣ "እንግዲህ እኔ ስሞት ገንዘብ ይመጣል ነው የምትለው?" አሉ። "አዎን እትዬ።" ተነስተው ወጡና ሽሮውን አሙቀው አቀረቡልኝ። "ብላ። ገና ሳልሞት ብላ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ነው መንገድ የሚያቋርጡት።

እጄን የያዙኝ አጎቴ አያ ሙሉ ናቸው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቡሬ ይኖራሉ፤ ከሽንዲ በርበሬና በቆሎ የሚያመላልስ አንድ የጭነት መኪና አላቸው። ሥራ መጀመሬን ሲሰሙ ራሳቸው አስጠሩኝ። "የእህቴ ልጅ ሥራ ይዞ ዝም ብዬ አላይም። ለመኪናዋ ጻፍልኝ" አሉ። የሚገዙት ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁኝም። ለሠርጌ ሙክት እንዳመጡት ሁሉ ይኼንንም ለእኔ የሚያደርጉት ነገር አድርገው ነው ያዩት።

ውሉ አሥራ ሁለት ገጽ ነበር። እንደ ደንቡ ሁኔታዎቹን አንብቤ ማስረዳት አለብኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "አንደኛ፣ የመድን ገቢው ግዴታ..." ከማለቴ ቀና ብለው አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ እናትህ አንተን የተገላገለች ቀን ጥይት የተኮሰው ማን ነው?"

"እርስዎ ነዎት አያ ሙሉ።"

"ታዲያ በእኔና በአንተ መኻል ወረቀት ይነበባል?"

ወረቀቱን አጠፍኩት። እሳቸውም ፈረሙ፤ እኔም ከሥሩ፣ "ሁኔታዎቹን አንብቤ አስረድቻለሁ" በሚለው መስመር ላይ ፈረምኩ። ይቺን ፊርማ ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ያፈገፈግኩት በአክብሮት ብቻ አይደለም። ባነበው አይፈርሙም ብዬ ሰግቻለሁ። ካልፈረሙ ኮሚሽን የለም፤ ኮሚሽን ከሌለ ለባለቤቴ ለትርንጎ ቃል የገባሁላት ነጠላ የለም። ነጠላው ተገዛ፤ አማረባት፤ እኔም ባየሁት ቁጥር እነዚያ ያልተነበቡ አሥራ ሁለት ገጾች ትዝ ይሉኝ ጀመር።

አሁን ደግሞ አማቴን ላስተዋውቃችሁ። ጋሼ አድማሱ የጅጋ ማር ነጋዴ ናቸው። ልጃቸውን ካገባሁ አራት ዓመት ሆኖኝ አንድም ቀን "ልጄ" ብለውኝ አያውቁም። ለሰው ሲያስተዋውቁኝ፣ "የትርንጎ ባል ነው" ይላሉ፣ የጎረቤት በሬ የሚያሳዩ ያህል። ኢንሹራንስ ሳነሳባቸውማ፣ "በሚስትህ አባት ልትነግድ ነው?" ብለው ቦርሳዬን በዓይናቸው ሸኙት። ቢሆንም ትርንጎ ወንድ ልጅ ስትወልድ ነገሩ ሊለዝብ ሆነ። ለአርባው ቀን ክርስትና አያ ሙሉ ሙክት፣ ጋሼ አድማሱ ማር ሊያመጡ ቃል ገቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ መሶብ ሊቀርቡ ነው። እኔም ያን ቀን ምናልባት "ልጄ" እባላለሁ ብዬ በልቤ እጠብቅ ነበር።

ልጁ በተወለደ በሠላሳኛው ቀን የአያ ሙሉ መኪና የጋሼ አድማሱን ግድግዳ ደረመሰ።

ጅጋ ገበያ ነው። ሹፌሩ በቆሎ ሊያራግፍ ወደ ኋላ እያለ ሳለ አንድ የአገሩን ሰው አየና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሰላምታ ያዘ። የእኛን አገር ሰላምታ ታውቁታላችሁ፤ ቤት እንዴት ነው፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ አዝመራው እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ነው። ሰላምታው ከብቱ ላይ ሳይደርስ መኪናው ግድግዳው ላይ ደረሰ። ከግድግዳው ጀርባ በጋን የተደረደረው ማር ተሰብሮ ወደ መንገዱ ፈሰሰ። ክፋቱ ሰው አልተጎዳም፤ ማለቴ ደግነቱ ሰው አልተጎዳም፤ ክፋቱ የመጣው ኋላ ነው። ገበያተኛው ማሩ መሬት ጠጥቶት እንዳይቀር ብሎ በየጣሳው፣ በየቅሉ አተረፈው። ያተረፈውንም ይዞ ሄደ። ከዚያ የአገሩ ንብ ሁሉ ደረሰ። የትራፊክ ፖሊሱ ሜትሩን ዘርግቶ ሁለት እርምጃ እንደለካ ሜትሩን ጥሎ ሮጠ፤ ሪፖርቱንም የጻፈው አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኖ ነው።

እኔ እየከነፍኩ ፍኖተ ሰላም ቢሮ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጃችን ውሉን ገልጠው አንቀጽ ዘጠኝን አነበቡልኝ፦ መድን ገቢው ከኩባንያው ፈቃድ ውጭ ጥፋቱን ማመን፣ ካሳ እከፍላለሁ ማለት፣ መታረቅም አይችልም። ካደረገው ኩባንያው አይከፍልም። አንቀጹን የሰማሁት እኔም ያኔ ገና ነው። ለአጎቴ ያላነበብኩት ውል፣ ለካ ለራሴም አላነበብኩትም።

"መርማሪ ከባሕር ዳር እስኪመጣ አጎትህ አፋቸውን ይዝጉ" አሉኝ።

"መቼ ይመጣል?"

"ቶሎ።"

የመሥሪያ ቤትን "ቶሎ" በጠመኔ ዘመኔ አውቀዋለሁ። የቡሬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

አያ ሙሉ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ደረስኩ። ሦስት ሽማግሌዎች መርጠው፣ ጅጋ ሄደው ጋሼ አድማሱ እግር ላይ ሊወድቁ ነው። ያጠፋ ሰው ወግ መሆኑ ነው፤ ሌላ ምን ሊያደርጉ?

"አያ ሙሉ፣ ይቅርታ እንዳይጠይቁ" አልኩ።

አንዱ ጫማ እጃቸው ላይ ቀረ። "ምን አልክ?"

"ውሉ ይከለክላል።"

"የትኛው ውል?"

"የፈረሙት።"

"እኔ የፈረምኩት አንተን ለመርዳት ነው እንጂ አፌን ለመሸጥ ነው? የሰው ቤት አፍርሼ ዝም ልበል? ውሻ እንኳ ሲያጠፋ ጆሮውን ይጥላል!"

"ለጋሼ አድማሱ ሲባል ነው። ዝም ካሉ ኩባንያው ግድግዳቸውንም ማራቸውንም ይተካል። ካመኑ ግን አይተካም።"

በእጃቸው የያዙትን ጫማ መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ያጠለቁትንም አወለቁት። "እንዲህ ያለ ውል መሆኑን ማን ነገረኝ?" አሉ። ማንም አልነገራቸውም።

በአራተኛው ቀን ጅጋ ሄድኩ። ጋሼ አድማሱ በፈረሰው ግድግዳ ፊት ለፊት ዱካ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ።

"ግድግዳው ይሠራል" አሉኝ፣ ሰላምታዬን በግማሽ ተቀብለው። "ማርም ንቦቹ ይሠሩታል። ነገር ግን አራት ቀን ሙሉ በዚህ ቀዳዳ መንገዱን ሳይ ዋልኩ። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ሰው፣ ምን ሁነሃል ብሎ አልመጣም። ንቦቹ እንኳ መጥተዋል።"

"ጋሼ፣ አያ ሙሉ እንቅልፍም የላቸውም። የከለከላቸው ኩባንያው ነው። በወረቀቱ ላይ እርስዎ ሦስተኛ ወገን ነዎት፤ እና..."

"አንደኛው ማን ነው?"

"ኩባንያው።"

"ሁለተኛውስ?"

"አያ ሙሉ።"

"አንተስ?" አሉኝ። "ውሉን የሸጥክ አንተ፣ የእሱ የእህት ልጅ አንተ፣ የልጄ ባል አንተ። ስንተኛው ነህ?"

የሥልጠና ደብተሬን በልቤ ገለጥኩት፤ ይኼ አልተጻፈበትም። እሳቸው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "እንግዲህ ክርስትናው ላይ ሦስተኛ ሁኘ ከምቀመጥ እቤቴ እቀመጣለሁ" አሉ።

ማታ ለትርንጎ ነገርኳት። ልጁን እያጠባች ሰማችኝ፤ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "አርባ ቀን ወደፊት አይገፋም፤ ቄሱም ባሕር ዳር ደውለው መርማሪ አያስፈቅዱም" አለች። "አባቴ በሌለበት ልጄን ክርስትና አላስነሳም ብል እንኳ አልችልም። እና ስድስት ቀን አለህ።"

እንቅልፍ አጥቼ አደርኩና አንድ ብልሃት መጣልኝ፦ ይቅርታ የሚመስል፣ ጥፋት ግን የማያምን ነገር ቢነገርስ? አገራችን በቅኔ ታምሳ ታድራለች፤ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል? ወደ መሪጌታችን ሄጄ ጭንቀቴን አወራኋቸው። ሁለት ቀን አስበው እንዲህ የሚል መልእክት ሰጡኝ፦ "ማር የአበባ ጠል ነው፤ ግድግዳም የምድር አፈር ነው፤ ሁሉም ወደ መጣበት ይመለሳል።" እየሮጥኩ ጅጋ ወስጄ ለጋሼ አድማሱ አነበነብኩት።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጥሩ ነው" አሉ። "ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም ጋሼ።"

"ታዲያ ለቀብር የሚባለው ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ይኼውልህ፣ ያጠፋ ሰው አጠፋሁ ይላል። ለዚህ መሪጌታ አያስፈልገውም።"

በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ጠዋት ቡሬ ያለች የአጎቴ ልጅ ደወለችልኝ። አያ ሙሉ ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው በሌሊት ተነስተዋል፤ ድንጋይም ይዘዋል። "በሚኒባስ?" አልኳት። በሚኒባስ። ኋላ እንደሰማሁት ረዳቱ ድንጋዩን ጭነት ነው ብሎ ሒሳብ ጠይቋቸው ነበር። አያ ሙሉም፣ "ጅጋ ድንጋይ ጠፍቶ አይደለም፤ የራሴን ጥፋት በሰው አገር ድንጋይ አልታረቅበትም" ብለው ከፍለውለታል።

እኔም ባገኘሁት መኪና ተንጠልጥዬ ደረስኩ። የምለውን በመንገድ ሁሉ አጥንቻለሁ፦ አያ ሙሉ፣ አንድ ቀን ብቻ ይታገሱኝ፤ መርማሪው ዛሬ ይመጣል ተብሏል። የጋሼ አድማሱ ደጅ ስደርስ ግን አያ ሙሉ ድንጋዩን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ በባዶ እግራቸው፣ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆመዋል። አንገታቸው ከድንጋዩ ሥር የሕፃን አንገት መስሎ ቀጥኗል። እኔ ስወለድ ጥይት የተኮሱት ሰው ናቸው። ይኼን ሸክም ያበዛሁባቸውም እኔ ነኝ፤ ያን ቀን አሥራ ሁለቱን ገጽ ባነብላቸው ኖሮ፣ ወይ አይፈርሙም ወይ አውቀውት ይፈርማሉ።

ያጠናሁት ጠፋኝ። ሄጄ ድንጋዩን ከትከሻቸው አንስቼ በራሴ ትከሻ ላይ አደረግኩና በጋሼ አድማሱ ፊት በጉልበቴ ወደቅሁ።

"አጥፍተናል!" አልኩ። "ስለ እግዚአብሔር ይማሩን!"

ልክ ያኔ ከኋላዬ መኪና ቆመ። በር ተከፍቶ ተዘጋ። ካሜራ ጠቅ ሲል ሰማሁ።

"ይቅርታ" አለ ድምፁ። "ከባሕር ዳር ነው የመጣሁት። የኩባንያው ወኪል እዚህ ነው ተብዬ ነበር፤ የትኛው ነው?"

ሽማግሌው፣ ገበያተኛው፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም በአንድነት ከድንጋዩ ሥር ወደ እኔ ጠቆሙ። መርማሪው አንድ ጊዜ ደግሞ ጠቅ አደረገ።

ጋሼ አድማሱ አልቸኮሉም። ጎንበስ ብለው አዩኝ። "ይከብዳል?" አሉ።

"ይከብዳል ጋሼ።"

"አውርደው በሉት" አሉ ለሽማግሌዎቹ፤ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር። "ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ።" ከዚያ አያ ሙሉን ትከሻ ለትከሻ ሳሟቸው፤ ሁለቱም እንደ ሴት አለቀሱ ብል ሁለቱም ይጣሉኛልና አልልም።

መርማሪው ወረቀቱን አውጥቶ ወደ ጋሼ አድማሱ ቀረበ። "የፈሰሰው ማር ስንት ኪሎ ይሆናል?"

"የምን ማር?"

"ይኼ የፈሰሰው።"

"ይቅር ያልኩትን አልመዝንም" አሉት።

ከሰዓት በኋላ አንድ አሮጊት በጣሳ ማር ይዘው መጡ። "በአደራ አስቀምጬልዎት ነበር" አሉ። ከኋላቸው ሌላ ጣሳ፣ ከዚያ ቅል፣ ከዚያ ማሰሮ ተከተለ። ዕርቅ መውረዱን የሰማ የገበያው ሰው ሁሉ አደራውን መለሰ። ግማሹ ማር ተመልሶ ገባ፤ ከነአፈሩ ቢሆንም።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ፎቶግራፍ ያለበት ፋይል ተዘርግቷል። ፎቶው ላይ ድንጋዩ ከእኔ በላይ ጎልቶ ይታያል።

"አንቀጽ ዘጠኝን ጥሰሃል።"

"አዎን።"

"እዚህ ላይ ደግሞ፣ ሁኔታዎቹን አንብቤ አስረድቻለሁ ብለህ ፈርመሃል።"

ያቺ ፊርማ መጣች። "አላነበብኩም" አልኩ። "አጎቴ ስለሆኑ አፈርኩ። ኮሚሽኑ እንዳይቀርብኝም ሰጋሁ።"

ሥራ አስኪያጁ ፎቶውን ደጋግመው አዩት። የተጎዳው ሰው ካሳ አልፈልግም ብሎ ፈርሟል፤ ፋይሉ ያለ ክፍያ ተዘግቷል፤ በግምገማ ላይ ቅርንጫፋቸው ሊመሰገንበት ነው። እንዳያባርሩኝ ይኼ ያዛቸው፤ እንዳያመሰግኑኝ ፎቶው ያዛቸው። በመጨረሻ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉልኝ፦ ከዛሬ ጀምሮ ለማንኛውም ዘመድ ውል እንዳትሸጥ።

"እስከ ስንት ቤት?" አልኳቸው።

"ምን ማለት ነው?"

የሩቅ አገር ሰው ናቸው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ እስከ ሰባት ቤት ከተቆጠረ ዘመድ ያልሆነኝ የስልክ እንጨት ብቻ መሆኑን ማን ያስረዳቸው?

ጅጋ ስመለስ የቡሬ ዘመዶች በደቦ ወርደው ማገሩን አስረው ጭቃ ይመርጋሉ። አያ ሙሉም እስከ ክርናቸው ጭቃ ናቸው። አጠገባቸው ቆሜ እየመረግኩ ተናዘዝኩ፦ ውሉን ያላነበብኩት አፍሬ ብቻ ሳይሆን ኮሚሽኑ እንዳይቀርብኝ ብዬ መሆኑን።

"አውቄዋለሁ" አሉ፣ እጃቸውን ሳያቆሙ።

"ኩባንያውም ምንም አልከፈለልዎት።"

"ምን ይከፈለኝ ደግሞ? ስትጽፍልኝ ገንዘብ ሰጠሁህ፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ድንጋዬን ተሸከምክልኝ። ኢንሹራንስ የሚሉት ሌላ ምን ይሠራል?" ጭቃውን ለጥ አደረጉት። "ነገር ግን ሁለተኛ ስታስፈርመኝ አንብብልኝ። ብቆጣህም አንብብ።"

ይኼንኑ ለአገሩ ሁሉ አወሩት። በክርስትናው ቀን ድንኳኑ ውስጥ አይቻቸው የማላውቃቸው ዘመዶች እየተጠጉ፣ "ለእኛም ትሸከማለህ?" ይሉኝ ጀመር። እነዚያ አክስቴ ሳይቀሩ ትከሻዬን ዳሰስ አድርገው፣ "ለሕይወትም ነው ያልከኝ?" አሉ። እኔ ግን ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው። እድሜዬን ሙሉ ዝምድና ለማግኘት ቤት ስቆጥር ኖሬ፣ ያን ቀን ግን ዝምድና እንዳይወጣ እየጸለይኩ ቆጠርኩ። ከሁሉም ጋር ወጣ።

ጋሼ አድማሱ ልጁን ታቅፈው መሶቡ አጠገብ ተቀምጠዋል። ለጠጅ ጊዜ ስላልነበረ ማሩ በዳቦ ይበላል። በእጃቸው ጠሩኝ።

"ያን ወረቀት ለእኔም አምጣልኝ" አሉ። "ግድግዳው አዲስ ነው፤ ለፋሲካም ብዙ ማር ይገባልኛል። እንዲህ ያለ ሹፌር ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም።"

ስንት ጊዜ የጠበቅኩት ደንበኛ! ግን በኪሴ ያለው ወረቀት ቆረቆረኝ። "ጋሼ፣ ለዘመድ እንዳልሸጥ ታግጃለሁ" አልኩ። "ደግነቱ እርስዎ እስከ ዛሬ የትርንጎ ባል ነው እንጂ ዘመዴ ነው ብለውኝ አያውቁም። ዘመድ አይደለንም ካሉ ነገውኑ ጽፌ አመጣለሁ። ሙሉውን አነብልዎታለሁ።"

ነጋዴ ናቸው፤ ማሩን፣ ግድግዳውን፣ የገበያውን መንገድ በልባቸው ሲያዩ ይታየኛል። ከዚያ ትከሻዬን አዩት፤ ድንጋዩ የላጠው ገና አልዳነም። ልጁንም አዩት።

"ዘመድ ያልሆነ ብቻ ነው የሚገዛው?"

"አዎን ጋሼ።"

"እንግዲያው ይቅርብኝ" አሉና ዳቦውን በማር አጥቅሰው ወደ አፌ ዘረጉት። "ብላ እንጂ ልጄ፤ ምን ትቆማለህ።"